ማኅተም ያለበት አሮጌ መጽሐፍ፦ ይገዛ ወይስ ለባለቤቱ ይነገር?

የድረ ገጽ ውይይቱን (ክሩን) የከፈተው ሰው ጥያቄውን ያቀረበው በትሕትና ነው። ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና አራት ኪሎ ከሚሸጡት አሮጌ መጻሕፍት መሀል የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያረፈበት አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ገዢ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ምን ቢያደርግ ይሻላል? ተከራክሮ ይግዛው? ለባለ ማኅተሙ ይንገር? ወይስ መልሶ ያስቀምጠው? ከጥያቄው ጋርም አንድ የታወቀ ታሪክ አያይዟል። የእንግሊዝ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አባት ኮሎኔል ሮበርት ዋልፖል በ1668 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጁ ሲድኒ ሰሴክስ ኮሌጅ ስለ ብሬመን ሊቃነ ጳጳሳት የሚያወሳ የጀርመን መጽሐፍ ተውሶ ነበር። መጽሐፉ ወደ ኮሌጁ የተመለሰው በ1956 ነው፤ ከ288 ዓመት በኋላ። ቅጣት የጠየቀ አልነበረም። ክር ከፋቹ ይህን ይዞ፣ አዲስ አበባ ያሉ ቤተ መጻሕፍትስ የምሕረት ሳምንት ቢያውጁ የጠፋው ይመለስ ይሆን ሲል ጠየቀ።

ምላሾቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። በቁጥራቸው ተከትዬ እተርካቸዋለሁ።

1ኛው ሰላምታ አስቀድሞ፣ መጽሐፍ ያዋሰ ሞኝ፣ የመለሰ ደግሞ የባሰ ሞኝ የምትለዋን የቆየች ቀልድ አመጣ። 2ኛው አልሳቀም። ቀልዷ መጽሐፍ ማስቀረትን እንደ ብልጠት እያስቆጠረች ብዙ የትምህርት ቤት መደርደሪያ እንዳራቆተች ተናግሮ፣ እንዲህ ባለ ክር ላይ ባትነሣ ይሻል ነበር አለ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

3ኛው ሌላ ታሪክ ጨመረ። ጆርጅ ዋሽንግተን በኦክቶበር 5 ቀን 1789 ከኒውዮርክ ሶሳይቲ ላይብረሪ የቫቴልን የሕግ መጽሐፍ ተውሶ፣ መጽሐፉ በ2010 እ.ኤ.አ. ተመለሰ ብሎ ጻፈ። 4ኛው በጨዋነት አረመው። የተመለሰው ዋሽንግተን የወሰደው ቅጂ አይደለም፤ እሱ አልተገኘም። የመኖሪያ ቤቱን ማውንት ቨርነንን የሚያስተዳድሩት ሰዎች የዚያኑ እትም ሌላ ቅጂ ፈልገው ነው ያስረከቡት። ልዩነቱ ተራ እንዳይመስል ምክንያቱንም አከለበት። ለአንባቢ ሁለት የአንድ እትም ቅጂዎች አንድ ናቸው፤ ለቤተ መጻሕፍት ግን እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ የገቢ ቁጥር ስላለው ሁለት ንብረት ነው። የአንዱ መምጣት የሌላውን መጥፋት ከመዝገብ አያስወጣም።

ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው 5ኛው ምላሽ ነው፤ የጻፈው ሰው መዝገብ ቤት እንደሚያውቅ ያስታውቃል። ማኅተም ብቻውን የስርቆት ማስረጃ አይሆንም ብሎ ጀመረ። አንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲረከብ በቅድሚያ በገቢ መዝገብ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በርእስ ገጹ ጀርባ ይጻፋል። ማኅተሙ በርእስ ገጹ፣ በመጨረሻው ገጽና ቤተ መጻሕፍቱ ለራሱ በመረጠው አንድ የውስጥ ገጽ ላይ ያርፋል። ይህ የምስጢር ገጽ ለመጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። 17ኛው ገጽ ከተመረጠ ሁሉም መጽሐፍ 17ኛ ገጹ ላይ ማኅተም ይኖረዋል፤ የርእስ ገጹን የቀደደ ሰው እሱን አያውቀውም። በጀርባው ላይ የመደብ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ይለጠፋል፤ በዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። በኋለኛው ሽፋን ውስጥ ደግሞ የካርድ ኪስና የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ይኖራል።

በሕጋዊ መንገድ ከመዝገብ የወጣ መጽሐፍ መውጣቱን የሚናገር ሁለተኛ ማኅተም ወይም በቁጥሩ ላይ የተሰመረ መስመር ከፊርማና ከቀን ጋር ይኖረዋል። የሚያጠራጥረው ተቃራኒው ነው፦ የርእስ ገጹ ተቀዶ የወጣ፣ የጀርባው ወረቀት የተፋቀ፣ ማኅተሙ በማርከር ወይም በፍሉድ የተሸፈነ፣ የካርድ ኪሱ ተገንጥሎ የሙጫው አሻራ የቀረ። በፍሉድ የተሸፈነ ማኅተም ለማየት የስልክ ባትሪ ከገጹ ጀርባ ማብራት ይበቃል፤ የማኅተም ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ስለሚዘልቅ ክቡ ቅርጽ ጎልቶ ይወጣል።

6ኛው አንድ ማስተካከያ ጨመረ። የርእስ ገጽ አለመኖር ሁልጊዜ ስርቆትን አያሳይም። ብዙ የተነበበ መጽሐፍ መጀመሪያ የሚያጣው የፊትና የኋላ ገጾቹን ነው፤ ጠራዥ እንደገና ሲጠርዘውም ያረጁትን አውጥቶ ይጥላል፣ ጠርዙንም ሲቆርጥ የማኅተሙን ግማሽ ይወስዳል። 7ኛው ደግሞ የውጭ አገር ማኅተም ያላቸው መጻሕፍት ለብቻ ሊታዩ እንደሚገባ አሳሰበ። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ተሰርዘው በእርዳታ ወደ ኢትዮጵያ የሚላኩ መጻሕፍት ስላሉ፣ «ዲስካርድ» ወይም «ዊዝድሮን» የሚል ማኅተም ያረፈባቸው በንጹሕ መንገድ የወጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ እዚህ አገር የተቀበላቸው ድርጅት የራሱን ማኅተም ካሳረፈ ግን ታሪካቸው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ መታየት ያለበት የመጨረሻው ባለቤት ማኅተም ነው።

8ኛው በአጭሩ ቁም ነገር ተናገረ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ባለ ማኅተሙ መጽሐፍ ያውሳል ወይ የሚለው ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በብዙ አገር መጽሐፍ ከግቢው አያስወጣም፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው የእኛው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ተጠቃሚውን የሚያስተናግደው በንባብ አዳራሹ ነው። ማኅተሙ የማያውስ ተቋም ከሆነና የመሰረዣ ምልክት ከሌለው፣ መጽሐፉ በውሰት ወጥቶ ዘገየ የሚያሰኝ ነገር የለም።

9ኛው ምላሽ ክሩን ወደ ብራና ዘመን ወሰደው። የቅጣት ካርድ ሳይታሰብ መጻሕፍታችንን የሚጠብቅ ግዝት ነበር። በብራና መጽሐፍ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ተብሎ ይጻፋል፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። 10ኛው ለምን መፋቅ ከመስረቅ እኩል ተወገዘ ለሚለው መልስ ሰጠ። የአገራችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ከቆዳው ላይ ይቀመጣል እንጂ ብዙም ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ የባለቤቱን ስም በስለት ፍቆ የራስን መጻፍ አያስቸግርም። የጸሐፊው ወይም ያጻፈው ሰው ስም ተፍቆ ሌላ ስም የገባባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው። በአውሮፓ የተለመደው ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ የሚሠራው ቀለም ቆዳውን ስለሚበላው ተፍቆም ቢሆን በአልትራቫዮሌት ብርሃን መልሶ ይነበባል። በጥላሸት የተጻፈ ግን አንዴ በደንብ ከተፋቀ ማንበቡ እጅግ ከባድ ነው። ግዝቱ ያነጣጠረው እዚህ ደካማ ቦታ ላይ ነው።

11ኛው የእንግሊዝን ሄርፎርድ ካቴድራል ለንጽጽር አመጣ። እዚያ መጻሕፍቱ በሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ታስረዋል። ሰንሰለቱ የሚያያዘው በፊተኛው ሽፋን የመክፈቻ ጠርዝ ላይ በመሆኑ፣ መጻሕፍቱ የሚደረደሩት ጀርባቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ነው፤ ሲወጡ ሰንሰለቱ እንዳይጠላለፍ። የእኛ አገር ልማድ ሌላ ነው፦ መጽሐፉ በቆዳ ማህደሩ ገብቶ በዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ማንጠልጠሉ ከሌባ ብዙ ባያድንም ከምስጥ፣ ከአይጥና ከወለል እርጥበት ያድናል።

ጨዋነቱ የተቋረጠው 12ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው ስለ መቅደላ ጀመረ፤ ጅማሬው ትክክል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተዘረፉ፤ ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈለገ፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስም ከጦሩ ጋር ነበር። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉት የመቅደላ መጻሕፍት 350 ገደማ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ግን በአውሮፓ ያለ የግእዝ መጽሐፍ ሁሉ የተዘረፈ ነው አለ። 13ኛው ወንድም ዓለም ብሎ ጀምሮ በቁጣ ጨረሰ። ሁሉንም አንድ ላይ መጨፍለቅ እውነተኛውን ክስ ያዳክመዋል አለ። ጀምስ ብሩስ ጎንደር ቆይቶ በ1773 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ያስገባቸው ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች የጦር ምርኮ አይደሉም። ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው በግእዝ ብቻ ስለሆነ አውሮፓ ሄኖክን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው በእነሱ ነው። ደግሞም በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት አለ፤ በግእዝ ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። የተሠራው እዚያው ነው፤ ከማንም የተወሰደ አይደለም። 14ኛው የመለሰው ቃል መልካም አልነበረም፤ የአውሮፓ ጠበቃ ማለቱን ብቻ ጠቅሼ ልለፈው። የመቅደላ ነገር የሚያንገበግብ መሆኑን አልክድም፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን 13ኛው ያለው ልክ ነው፤ የተዘረፈውን ከተገዛውና ከተቀዳው ሳይለይ የሚከስ ሰው ተከሳሹን ነጻ ያወጣዋል።

ያበረደው 15ኛው ነው። በስምና በምልክት ለይቶ መጠየቅ መጽሐፍ እንደሚያስመልስ ከታሪክ አሳየ። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን ጠየቁ፤ የአገሪቱ ሕግ ያለበት መጽሐፍ እንደሆነና ያለ እሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ገለጹ። ብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የመጣ የክብረ ነገሥት ቅጂ ነበረውና መለሰላቸው። ከዘረፋው በኋላ አራት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። 16ኛው ይህንኑ ይዞ ስለ ማይክሮፊልም ጻፈ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር ውስጥ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሌላው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። የተነሡት ከ9,000 ይበልጣሉ፤ በካታሎጉ ላይ ብዙ የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ለዚህ ክር የሚጠቅመው ነገር አንድ መጽሐፍ በየትኛው ደብር እንደነበር መመዝገቡ ነው፤ በኋላ በጨረታ ቢታይ በእጅ ጽሑፉ፣ በእድፉና በቅዳጁ ይለያል።

17ኛው ወደ ምሕረቱ ሳምንት መለሰን። የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ2019 እ.ኤ.አ. የመዘግየት ቅጣትን ሲያስቀር የሚመለሱ መጻሕፍት ከእጥፍ በላይ ጨምረዋል። ሰው መጽሐፉን የሚያስቀረው ክፋት ስላለው ሳይሆን የሚቆለለውን ሂሳብ ፈርቶ ነው የሚል ክርክር አቀረበ። 18ኛው በሹል ቃል ተቃወመ። እዚህ ያለው ችግር ቅጣት አይደለም፤ ብዙ ቦታ ቅጣት የሚያስከፍልም የሚከታተልም ስለሌለ የቺካጎ ምሳሌ አይሠራም አለ። ቆጠራ የማያደርግ ቤተ መጻሕፍት ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ምሕረት ቢያውጅ ምን ይጠብቃል? ቃሉ ይኮሰኩሳል፤ ነገሩ ግን የክሩን ልብ የነካ ነው። የጠፋ መጽሐፍ የሚመለሰው የሚመለስበትን ቦታና ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው።

19ኛው መያዣን አነሣ። አራት ኪሎ ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች ጋዜጣቸውን የሚያስመልሱት ቀላል ዘዴ ስላላቸው ነው፤ አንባቢው እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል፣ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ዓይን ከዕቃው አይለይም። መጽሐፍ ቤት ድረስ ሲከራይ ደግሞ መያዣው የመጽሐፉ ሙሉ ዋጋ መሆን አለበት፤ ከዋጋው ካነሰ ተከራዩ መጽሐፉን በርካሽ እንደገዛው ይቆጥረዋል። መታወቂያ መያዝን ግን አጥብቆ ተቃወመ፤ ሰው ያለ መታወቂያው ባንክም ቀበሌም መሄድ አይችልም፣ መታወቂያው ከጠፋ ደግሞ አከራዩ ከመጽሐፉ የሚበልጥ ጣጣ ይገባል።

20ኛው የምሕረት ሳምንቱን እንዴት ማካሄድ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ዘረዘረ። በቅድሚያ ከገቢ መዝገቡ ጋር እያመሳከሩ መደርደሪያውን መቁጠር፣ የጎደሉትን ቁጥሮች ለይቶ መጻፍ። ጊዜው አንድ ሳምንት ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ይሁን፤ የመጀመሪያው ሳምንት ወሬው እስኪዳረስ ያልቃል። ስም አለመጠየቅ። የመመለሻ ሳጥኑን ከጥበቃው ፍተሻ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ማስቀመጥ፤ ፍተሻ ፊት መጽሐፍ ይዞ መቆም ብዙ ሰው ያስፈራል። ሳጥኑ ውስጥ ተዳፋት ጣውላና ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ካልተደረገ መጽሐፍ በማዕዘኑ እየወደቀ ጥራዙ ይላቀቃል። በየማታው ባዶ ማድረግ፤ በክረምት ደግሞ አፉ ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ታች የሚከደን ክዳን መግጠም። የተመለሰውን ግን በዚያው ቀን ከሌሎቹ ጋር መደርደር አይገባም፤ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ለብቻ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከረጢቱ ሥር ዱቄት የመሰለ ብናኝ ወይም ትንንሽ ተባይ ከታየ መጽሐፉ ብል ወይም ሌላ ተባይ ይዞ መጥቷል።

21ኛው ለተባዩ መድኃኒት ብሎ ሦስት ነገር መከረ፦ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መደርደሪያውን በነጭ ጋዝ መወልወል፣ በየመሀሉ ናፍታሊን መጣል። 22ኛው እንዲህ ያለ ምክር የሚጽፍ ሰው መጽሐፍ ይጠላል ወይ ብሎ ጀመረ። አነጋገሩ አላስፈለገም፤ እርማቱ ግን አንድ በአንድ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ፀሐይዋ ወረቀት በፍጥነት ቢጫ ታደርጋለች፣ ሽፋን ታጣምማለች፣ የጀርባ ሙጫ ታደርቃለች፤ ተባዩ ግን ወደ ጥራዙ ጥላ ይሸሻል። ነጭ ጋዝ ቅባቱ ከጣውላው ወደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ የእሳት አደጋ ነው። ናፍታሊን ለሚተነፍሰው ሰው መርዝ ነው፤ ሽታው ከወረቀት አይለቅም። የሚሠራው ቅዝቃዜ ነው። መጽሐፉ ደረቅ መሆኑን አረጋግጦ አየር በማያስገባ ከረጢት ማሸግ፣ ውስጡ ያለውን አየር በእጅ ተጭኖ ማስወጣት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያወርድ የቤት ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ማቆየት። ሲወጣ ከረጢቱን ሳይከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ እንጂ መጽሐፉ ላይ መውረድ የለበትም። ሥዕል ያለበትን ብራና ግን ማንም ቤቱ አይሞክርበት፤ ቆዳው ሲኮማተርና ሲለጠጥ ቀለሙ ይረግፋል።

23ኛው ዝናብ ያገኘው መጽሐፍስ ብሎ ጠየቀ። 24ኛው፣ አነጋገሩ የእናት የሆነ፣ ልጄ እያለ በሰፊው መለሰለት። ሻጋታ ለመነሣት 48 ሰዓት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። የሚንጠባጠብ መጽሐፍ አይገለጥም፤ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል። ፎጣ ላይ አቁሞ ውኃው እስኪወርድ መጠበቅ። ከዚያ በየ20 ገጹ ገደማ ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት ማስገባት፤ ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይተላለፋል። የሚገባው ወረቀት ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ ካለፈ ጀርባውን ያፈነዳዋል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መቀየር፤ እርጥበቱ ሲቀንስ መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ ማቆም፣ ነፋስ ከጎን እንዲያገኘው ማድረግ፣ ማሞቂያ አለመጠቀም። ሊደርቅ ሲል ከሁለት ጣውላ መሀል ክብደት ጭኖ ማሳደር። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸው የፎቶና የሥዕል መጻሕፍት ግን ከደረቁ እንደ ጡብ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በእያንዳንዱ ገጽ መሀል ወረቀት ካልገባ ወዲያው ፍሪዘር ማስገባትና ጊዜ ሲገኝ ጥቂት ጥቂት እያወጡ ማድረቅ ይሻላል። ሻጋታው ከጀመረም አይወለወልም፤ ከደረቀ በኋላ ውጭ ወጥቶ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል።

25ኛው የተቀደደ ገጽ በፕላስተር ይለጠፍ አለ፤ 26ኛው ከለከለ። የፕላስተር ሙጫ በጊዜ ብዛት ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ይጠቁራል፤ ላስቲኩ ይረግፋል እድፉ ይቀራል። ነጭ ኮላም ከደረቀ አይለቅም። በምትኩ የዱቄት ሙጫ መከረ። 27ኛው እሱንም አጠራው። ዱቄት የሚያጣብቀውንና የሚለጠጠውን ክፍሉን ይዞ ስለሚቆይ ይጠነክራል፣ ተባይም ይጠራል፤ የሚፈለገው ስታርቹ ብቻ ነው። ከገበያ ካልተገኘ የስንዴ ሊጥ ጠንከር አድርጎ አቡክቶ፣ ግማሽ ሰዓት አሳርፎ፣ በሳህን ውኃ ውስጥ እያሹ ማጠብ፤ እጅ ላይ የሚቀረው ላስቲክ የመሰለው ነገር ለመጽሐፍ አይሆንም፤ ውኃው ሲረጋ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ ስታርች ነው። እሱን አድርቆ፣ አንድ እጅ ስታርች በአምስት እጅ ውኃ በጥብጦ፣ በለስላሳ እሳት ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማብሰል፤ ከወተት ነጭነት ወደ ብርሃን አሳላፊ መልክ ሲለወጥ ደርሷል። ቀዝቅዞ በጨርቅ ይጠለላል። ረዘም ያለ ቃጫ ካለው ስስ ወረቀት ዳሩን በእጅ ቀዶ እንጂ በመቀስ ሳይቆርጡ፣ በጥቂቱ ቀብቶ በቅዳጁ ላይ ማሳረፍ። በማንኛውም ጊዜ በእርጥብ ጥጥ ይለቃል፤ የኋላ ሰው የተሻለ ጥገና ማድረግ እንዲችል ይህ ባሕርዩ ወሳኝ ነው።

28ኛው ከርእሱ ወጣ፤ ግን ማንም አልከለከለውም። በፖርቱጋል ኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ጆዋኒና በሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ። ማታ ማታ ወረቀት የሚበሉትን ተባዮች እያደኑ ይበላሉ፤ ሠራተኞቹ ሲመሽ ጠረጴዛዎቹን በቆዳ ይሸፍናሉ፣ ጠዋት ኩሱን ይጠርጋሉ።

እዚህ ላይ ክር ከፋቹ በ29ኛ ቁጥር ብቅ ብሎ ሁሉንም አመሰገነና፣ ሻጩ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛውን መጽሐፍ ያስወስዱብኛል ብሎ ቢሰጋስ አለ። 30ኛው ሻጭን ሌባ ብሎ መክሰስ ስሕተትም አደገኛም እንደሆነ ገልጾ ሥራውን አሳጥሮ አስቀመጠ። የማኅተሙን፣ የገቢ ቁጥሩንና የርእስ ገጹን ፎቶ በሻጩ ፈቃድ ማንሣት፤ ለባለ ማኅተሙ ቤተ መጻሕፍት ቁጥሩን ሰጥቶ መዝገብ ላይ ያለ ወይም የተሰረዘ መሆኑን መጠየቅ። የተሰረዘ ከሆነ ያለ ሐሳብ መግዛት። ካልተሰረዘ ተቋሙ ራሱ ይነጋገር፤ ሻጩ የከፈለው ተመላሽ ቢደረግለት ቀጣዩን ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ይዞ የሚመጣው እሱ ራሱ ይሆናል። ከ17ኛው እና ከ18ኛው ክርክርም ይህ የተሻለ መፍትሔ ይመስለኛል።

የመጨረሻው 31ኛው ምላሽ ቁጥሩ የጠፋበትን መጽሐፍ በካታሎግ ስለ መፈለግ ነው። የኢትዮጵያውያን ደራስያን በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይመደቡም፤ የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ይህንኑ ይከተላል። በድረ ገጽ የሚሸጡ መደብሮች ግን ብዙ ጊዜ ይገለብጡታልና በሁለቱም መሞከር ያስፈልጋል። በአማርኛ ሲፈለግም ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን እየለዋወጡ ማየት ነው፤ ማሽኑ እንደ ሰው አይገምትም። የኅትመት ዓመቱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል፤ ወሩ ያልተጻፈበት የ1958 ዓ.ም. መጽሐፍ በውጭ ካታሎግ አንዱ ጋ 1965፣ ሌላው ጋ 1966 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የተመረቀው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022። ምረቃው በአንድ ቀን ቢቀድም ኖሮ 2021 ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ስለዚህ ወሩን የማያውቅ መዝጋቢ ሁለቱንም በእዝባር ለይቶ፣ 1965/66 ብሎ ይጻፍ።